ገብስማ ላባና አንዲት ፀጉር

«ቀለም ለሚመርጥ ሰው ዶሮ አልሸጥም» አለች የሺእመቤት፣ የግቢዋን በር በግማሽ ከፍታ ሌላውን ግማሽ በትከሻዋ እንደያዘች።

ከበሩ ውጭ የቆመው ሰው ጃንጥላ አልያዘም። የሰኔ ካፊያ ከኮፍያው ጫፍ እየተንጠባጠበ ጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ እሱ ግን ጠረግ እንኳ አላደረገውም። «ገብስማ አውራ ዶሮ እዚህ ግቢ አለ ብለውኝ ነው የመጣሁት» አለ ድጋሚ፣ ቀስ ብሎ፣ የመጀመሪያውን ያልሰማችው መስሎት።

«አለ። ለእርስዎ ግን የለም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ገብስማ ይሁንልኝ፣ ቀይ ይሁንልኝ እያለ የሚመጣ ሰው ዶሮውን ለምን እንደሚፈልገው አውቃለሁ። እኔ ጌታን የማመልክ ሰው ነኝ። ከዚህ ግቢ ለዛር የሚታረድ ዶሮ ወጥቶ አያውቅም።»

ሰውዬው ሳቁ መጣበትና ዋጠው። «እኔ አላርደውም። የምፈልገው አንገቱ ላይ ያለችውን ላባ ነው። ዶሮውን እርስዎ ያዙልኝ፣ እኔ ጥቂት ነቅዬ እሄዳለሁ። እሱም ይኖራል፣ እኔም እኖራለሁ።»

የሺእመቤት ባሏ በየነ ከሞተባት ጀምሮ እዚህ ሳንሱሲ ሰፈር ግቢዋ ውስጥ ዶሮ እያረባች አንድ ልጇን ያሳደገች ሴት ናት። ደረቱን ዳብሶ የሚገዛ፣ በእጁ አንጠልጥሎ የሚመዝን፣ አርዶ ከበላ በኋላ ተመልሶ የሚጨቃጨቅ፣ ሁሉንም ዓይነት ደንበኛ አይታለች። ዶሮውን ትቶ ላባውን የሚለምን ግን አላጋጠማትም። ጤነኛም አይደል ብላ በሩን ልትዘጋው ስትል ሰውዬው ከደረት ኪሱ ትንሽ የካራሜላ ቆርቆሮ አውጥቶ ከፈተላት።

ውስጡ ትንንሽ ነፍሳት በተርታ ተቀምጠዋል። ክንፍ አላቸው፤ ጢም አላቸው። አንዷማ አሁን ብድግ ብላ የምትበር ትመስላለች። የሺእመቤት አንገቷን አስግጋ ስታያቸው እያንዳንዷ መንጠቆ ናት፤ ላባና ክር የተጠመጠመባት መንጠቆ።

«ዓሣው ዝንብ ውኃ ላይ ያረፈች ይመስለውና ብቅ ብሎ ይይዛታል» አለ ሰውዬው። «እኔ ነኝ የምሠራቸው። ገብስማ ላባ ከሆነ ክንፏ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። የሌላ ዶሮ እንደሱ አይሆንም።»

«አሁን ይሄን የሚያህል ሰው ቁጭ ብሎ ዝንብ ይሠራል?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ» አለ፣ እንደማፈር ብሎ።

የሺእመቤት ሳቋ አመለጣት። ደጇ ላይ ከቆመ ወንድ ጋር ስትስቅ ከስንት ዘመኗ ነው። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባትና ቶሎ ብላ ፊቷን ወደ ዶሮዎቹ ቤት አዞረች፤ አውራውን ለመያዝ የሄደች ለማስመሰል።

*

ስሙ ቢቂላ ነው። አስኮ አስፋልቱ ዳር ራዲያተር የሚጠግንባት አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይሠራል። የቡራዩ ልጅ ነው። ወጣት ሳለ ባሌ ውስጥ የአንድ ፈረንጅ መንገድ መሐንዲስ ሾፌር ነበርና በላባ ዓሣ ማጥመድን የተማረው ከሱ ነው፤ ፈረንጁ አገሩ ሲገባም ዘንጉን ትቶለት ሄደ። ሚስት አላገባም። አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል።

የሺእመቤት ማተቡን ያየችው የመጀመሪያ ቀን ነው። ማየቷን ራሷ አስተዋለች፤ ይህም አሳሰባት። ዶሮ ለመሸጥ የገዢው አንገት ምን አገባው?

ክረምቱ ሲበረታ ወንዙ ጭቃ ተሸክሞ ስለሚወርድ ዓሣ ማጥመድ አይቻልም። ቢቂላ በዚያ ጊዜ ዝንብ እየሠራ ያከማቻል። ላባ ሊወስድ ቅዳሜ ይመጣል፤ ሲመጣ ዝናቡ ያግደዋል፤ ሲያግደው በረንዳው ላይ መቀመጫ ዱካ ትሰጠዋለች። እየቆየ መንጠቆ የሚይዝባትን ብረት፣ ትንሿን ሞርሳውን፣ ይዞ መምጣት ጀመረ። አግዳሚው ጫፍ ላይ ያጠብቃታል፤ መንጠቆዋን ያስነክሳታል፤ ከዚያ እነዚያ ቅባት የጠገቡ ትልልቅ ጣቶቹ የሸረሪት ድር የምታህል ክር ይዘው ሲዞሩ የሺእመቤት እንቁላሎቿን መወልወል ትታ ታያለች።

ዝንቢቱ ስታልቅ ክሯ እንዳይፈታ ጫፏን የሚቀባት የጥፍር ቀለም ነው።

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» አለችው አንድ ቀን። እርስዎ ማለት መቼ እንደቀረ አታስታውስም።

«አየር ጤና ሄጄ ገዛሁ።»

«አስኮ ሱቅ ሞልቶ?»

«አስኮማ ሁሉም ያውቀኛል። ቢቂላ ጥፍሩን ሊቀባ ነው ሲሉኝ ልኑር?» አለና ጠርሙሷን ኪሱ ውስጥ ከተታት። «እዚያም ቢሆን ልጅቱ ለማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ለባለቤቴ አልኳት።»

ዝናቡ የበረንዳውን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። የሺእመቤት ወደ እንቁላሎቿ ተመለሰች። ግን ያን ቀን ማታ ለእራት ሽንኩርት ስትከትፍ «ለባለቤቴ አልኳት» የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ላይ እየመጣች አስቸገረቻት።

ልጇ ራዕይ ቅዳሜ እስከ ቀትር ሥራ ትውላለች፤ ከሰዓት መዘምራን ልምምድ አለባት። ቢቂላን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጅ ላይ አግኝታዋለች። «ላባ ገዢው ሰውዬ» ትለዋለች። የሺእመቤትም እንደዚያው ብላ ትተዋታለች። ራዕይ ከእዮኤል ጋር ልትተጫጭ ነው። እዮኤል የወይዘሮ ሆሳዕና ልጅ ነው፤ ወይዘሮ ሆሳዕና ደግሞ የቤተ ክርስቲያኗ የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው። ማስተርስ የያዘ፣ ጨዋ፣ መኪና ያለው ልጅ የዶሮ ነጋዴ ልጅ መርጦ ሲመጣ እናት ትተኛለች? የሺእመቤት አትተኛም ነበር። አንድ ነገር ይበላሽብኛል እያለች በየቀኑ ትሰጋለች፤ የሰዎቹን ፊት ታነባለች፤ የልጇን ፊት ታነባለች።

*

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ጥቂት ቀን ጋብ አለና ቢቂላ «ነገ ወንዙ ይጠራል፤ ካፊያም አይጠፋም። ደስ የሚለው ቀን እሱ ነው። ነይና እይው» አላት።

«ሰው ምን ይላል?»

«ዓሣ እንጂ ሰው የለም እዚያ።»

ከቡራዩ አልፈው የገበሬ ማሳ ዳር ዳሩን ይዘው ወረዱ። ጭቃው ጫማዋን ነክሶ ሲያስቀርባት እሱ ተመልሶ መንጭቆ ያወጣላታል፤ ሁለቴ እንደዚህ ሆነ። ወንዙ ጠበብ ያለ ነው፤ ቋጥኝ ስር ሲደርስ ግን ሰፋ ብሎ ይተኛል። ቢቂላ ጉልበቱ ድረስ ገባ። ዘንጉን ወደ ኋላ ወሰደው፤ ረጅሙ ክር አየር ላይ ተዘረጋ፤ ወደ ፊት ሲመልሰው ዝንቢቱ ካፊያው ውኃውን በሚነቁጥበት ቦታ ላይ፣ ያለ ድምፅ፣ አረፈች።

አንድ ነጭ ዓሣ ብቅ ብሎ ያዛት። ቢቂላ አውጥቶ በሁለት እጁ ይዞ አሳያት፤ ከዚያ ጎንበስ አለና ለቀቀው።

«ምን አደረግህ?»

«ለቀቅኩት።»

«ይሄን ሁሉ መንገድ በጭቃ አምጥተኸኝ፣ ዝናብ አስመትተኸኝ፣ ይዘህ ትለቀዋለህ? ጤነኛ ነህ ግን?»

«ስሄድ ሲያየኝ ደስ ይለኛል» ብሎ ጀመረና ተሳሳተ፤ «ማለቴ፣ ሲሄድ ሳየው።» ተሳስቶም ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም።

ዘንጉን ሰጣት። ክሩን ወደ ኋላ ስትወረውረው መንጠቆው ሻርፗን ያዘው። ቢቂላ ከውኃው ወጥቶ ከኋላዋ ቆመና መንጠቆውን ሊያላቅቅ ጀመረ። ጣቶቹ አንገቷ አጠገብ ናቸው፤ አንገቷን ግን አልነኳትም። እንዳይነኳት መጠንቀቁ ከመንካት ይልቅ ተሰማት። የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት፤ የልጇን ጥሎሽ የምታስብ ሴት ናት። እዚያ ካፊያ ውስጥ ቆማ መንጠቆው ቶሎ እንዳይላቀቅ ተመኘች።

*

በሚቀጥለው ቅዳሜ በረንዳው ላይ አንዲት ዝንብ ሊጨርስ ሲል ቀጭኗ ክር አለቀችበት። «የዚህችን ሆድ የምጠመጥምበት ቀጭን ነገር አጣሁ» አለ፣ ኪሱን እየዳበሰ። የሺእመቤት እጇን ከሻርፗ ስር ሰደደችና አንዲት ረጅም ፀጉር ነቅላ ዘረጋችለት።

«ይቺስ አትሆንም?»

ቢቂላ ተቀበላት። ፀጉሯን በገብስማው ላባ ስር ዙሪያዋን እየጠመጠመ ጨረሰ፤ ጫፏን ቀለም ቀባት፤ እፍ ብሎ አደረቃት።

«ይቺን ውኃ ውስጥ አልጥላትም» አለ።

«ታዲያ ምን ልታደርጋት ነው?»

የካራሜላ ቆርቆሮውን ከነዝንቦቹ፣ ያቺንም ጨምሮ፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። «የሺ፣ ሰው ልላክ?»

ይህን እንደሚላት ታውቅ ነበር። ሌሊት ሌሊት መልሷን አዘጋጅታለች። «ልጄ ትዳርልኝ» አለች። «አሁን ማተብ ያሰረ ሰው እናቷን ጠየቀ ቢባል እነ እትዬ ሆሳዕና ምን ይላሉ? ራዕይ ቤቷ ትግባ። ከዚያ በኋላ ለማንም አልሰጋም። እስከዚያ ማንም አይወቅ።»

«እጠብቃለሁ» አለ። «መጠበቅማ ሥራዬ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ አይደለሁ?»

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቆርቆሮውን ፍራሿ ስር አስገባችው። ስትተኛ ጠጠር ሆኖ ጎኗን ይወጋታል፤ እሷ ግን አላዛወረችውም።

*

ራዕይን የሚጠይቁት የእዮኤል ሽማግሌዎች እሁድ ሊመጡ ቅዳሜ ጠዋት የጸሎት ቡድኑ እህቶች ቤቱን ሊያሰናዱላት መጡ። ለራዕይ ደስታ ሁሉም እጁን ሰብስቦ አልተቀመጠም። ከእህቶቹ አንዷ ሜቲ መጋረጃ ትሰቅላለች፤ ሌሎቹ ምንጣፍ ያራግፋሉ። ወይዘሮ ሆሳዕና ደግሞ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መኝታ ቤት ገቡ፤ አልጋ የሚነጠፍበትን መንገድ ለማንም አያምኑም። የሺእመቤት ጓሮ ሆና ዶሮ ትገነጥል ነበር። ጩኸቱን የሰማችው እዚያ ሆና ነው።

ሮጣ ስትገባ ሴቶቹ አልጋውን ከበው ቆመዋል። ፍራሹ ተገልብጧል። ወይዘሮ ሆሳዕና ቆርቆሮውን በሁለት ጣታቸው ብቻ፣ ከሰውነታቸው አርቀው ይዘውታል።

«ገብስማ ላባ» አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ቀይ ክር። የፍየል ፀጉር። የሺ፣ ይሄን እይው። ይሄ የሰው ፀጉር ነው። የሴት ፀጉር። መንጠቆ ላይ አስረውብሻል። ልጅቱ ልትዳር ስትል ቤትሽ ውስጥ አስቀምጠውብሻል።»

«መተት ነው» አለች ሜቲ በሹክሹክታ፤ ቃሉ እንዳይነካት የፈራች ይመስል።

ወይዘሮ ሆሳዕና ያለቅሱ ነበር። ክፋት የለባቸውም፤ የሺእመቤት ይህን ታውቃለች። ታማ በተኛችበት ጊዜ ሦስት ቀን የጾሙላት እሳቸው ናቸው። «የማን ነው፣ የሺዬ? ማን ነው እዚህ ድረስ የገባው?»

በሩ ላይ ራዕይ ቆማለች። አዲሱን ቀሚሷን ለመለካት ግማሹን ለብሳ፣ ዚፑን በአንድ እጇ ይዛ፣ ፊቷ አመድ መስሏል። የሺእመቤት ልጇን አየች። የእኔ ነው ብትል ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ባንድ ጊዜ አየችው። ከማን? የሚለውን። ከመቼ ጀምሮ? የሚለውን። ባለማተብ? የሚለውን። ነገ ባዶውን የሚቀረውን ወንበር።

«አላውቅም» አለች።

የግቢው በር ከውጭ ተንኳኳ። ቅዳሜ ነው። ዝናብ ነው። ማን እንደሆነ ከእሷ በቀር ያወቀ የለም። ራዕይ ሄዳ ከፈተችና «ላባ ገዢው ሰውዬ ነው» አለች፤ ብላም ቃሏ አፏ ላይ ደረቀ፤ ሁሉም ላባ የሚለውን ሰምተዋልና።

ቢቂላ ከነሞርሳው በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ወይዘሮ ሆሳዕና ቆርቆሮውን ወደሱ አቅርበው «ይሄ ያንተ ነው?» አሉት።

እሱ ቆርቆሮውን አላየም። የሺእመቤትን አየ። እሷ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች። ምን እንዳለች ባይሰማም ምን እንዳለች አወቀ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ሲዘጋ አየችው።

«የእኔ ነው» አለ። «እሷ አታውቅም። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

ሴቶቹ ጸሎታቸውን ባንድ ድምፅ አነሱት። በኢየሱስ ስም እያሉ እስከ በሩ፣ ከበሩም እስከ መንገዱ ገፉት። እሱ አልተከራከረም። ዝንቦቹን ጓሮ ከሰል ላይ አፍስሰው አቃጠሏቸው። ላባ ሲቃጠል ይሸታል፤ ፀጉር ሲቃጠል ደግሞ ከሱ ይብሳል። የሺእመቤት ሽታው እስኪያልቅ እዚያው ቆመች። እህቶቹ በፍርሃት የፈዘዘች መስሏቸው አቀፏት።

*

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ተቀመጡ፤ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። እዮኤል ሲስቅ ራዕይ ስትስቅ የሺእመቤትም ሳቀች። በሳምንቱ ውስጥ አስኮ ላይ ወሬው ዞረ። ራዲያተር የሚያሠራ ጠፋ። አከራዩም ቢቂላን ደጋሚ ቤቴ አይቀመጥም ብሎ ክፍሉን እንዲለቅለት ነገረው። ይህን የነገረቻት ሜቲ ናት፤ ደስ ይላታል ብላ።

ቢቂላ ስልኩን አያነሳም። ቅዳሜ ማለዳ ቡራዩ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሯ ወደዚያው ወንዝ ሄደች። ወንዙ ሞልቷል፤ ቀይ ጭቃ ተሸክሟል፤ የሚጠመድበት ቀን አይደለም። ቢቂላ ቋጥኙ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ዘንጉን ሳይዝ።

«ለምን ዋሸህ?» አለችው፣ ሳትደርስበት።

«ምን ልበል? አትናገር ያለኝ ዓይንሽ ነው።»

«እንደዚህ የሚሆን አልመሰለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ይቅር በለኝ፣ ቢቂላ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። እዚያው በረንዳሽ ላይ ነው ይቅር ያልኩሽ።» ቀና ብሎ አያት። ያልተላጨ ጢሙ ላይ ሽበቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። «እኔ ደጋሚ መባሉ አይደለም የጎዳኝ። ሰው የፈለገውን ይበል። አንቺ ግን ያቺን ፀጉር ከራስሽ ላይ ነቅለሽ ስትሰጪኝ፣ በሕይወቴ ማንም እንደዚያ አድርጎ ምንም ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር። አላውቅም ስትያቸው፣ እኔ ከመሬት ለቅሜ የሰረቅኩት ነገር ሆነ።»

የሺእመቤት ማልቀስ ጀመረች። «እወድሃለሁ» አለችው። ይህን ቃል ለበየነ እንኳ ብላው አታውቅም፤ በእሷ ዘመን አይባልም ነበር።

ቢቂላ የወንዙን ዳር ወዲያና ወዲህ አየ። ውኃው ብቻ ይጮሃል። «የሺ» አለ ከዚያ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ማንም የለም።»

የሺእመቤት እንባዋን በሻርፗ ጠረገች።

«ነገ ጠዋት ዶዶላ እሄዳለሁ፤ ወንድሜ ዳባ ጋ። እሱ ጋ ሥራ አለ። የማይጠፋ ዓሣም አለ።» ተነስቶ ኮቱን ትከሻዋ ላይ ጣለላት። «አንቺ ልጅሽን ዳሪ።»

ምሬት ቢኖርበት ይሻላት ነበር። ድምፁ ውስጥ ምሬት አልነበረም። እስከ ቤቷ ድረስ ያቃጠላት ይኸው ነው።

*

እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ መጀመሪያ ማይኩን የያዙት ወይዘሮ ሆሳዕና ናቸው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጠላት በእህታችን ቤት የደበቀውን ጌታ እንዴት አድርጎ እንዳወጣው ተናገሩ። ገብስማ ላባውን ተናገሩ። ፀጉሩን ተናገሩ። ሰውዬው ራሱ «የእኔ ነው» ብሎ እንዳመነ ተናገሩ። እልልታው የአዳራሹን ቆርቆሮ ጣሪያ አነቃነቀው። «አሁን እህታችን የሺእመቤት ወጥታ ከእኛ ጋር ታመስግን» አሉና እጃቸውን ዘረጉላት።

የሺእመቤት ከራዕይ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ራዕይ በደስታ እጇን ጨመቅ አደረገቻትና ለቀቀቻት። ከወንበሩ እስከ መድረኩ ያለው መንገድ አጭር ነው። ቢቂላ አሁን መኪናው ላይ ነው ብላ አሰበች። አመሰግናለሁ ብዬ ብመለስ ይበቃል። ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ልጄ ትዳራለች። ኑሮዬም እንደነበረው ይሆናል።

ማይኩን ተቀበለች። ወለሉን እያየች ቆመች። ሰዎቹ ስሜት ነክቷት መስሏቸው «ሃሌሉያ» እያሉ አበረታቷት።

«ፀጉሩ የእኔ ነው» አለች።

«አዎ» አለ አንዱ ከኋላ፣ አሁንም ያልገባው።

«ማንም አልሰረቀኝም። እኔ ነኝ ከራሴ ላይ ነቅዬ የሰጠሁት። ያቃጠላችሁት ነገር መተት አይደለም፤ ዓሣ የሚጠመድበት ነው። ያ ሰው ደጋሚ አይደለም። እኔን ለመሸፈን ብሎ ነው የእኔ ነው ያለው። አላውቅም ያልኩት ፈርቼ ነው።» ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋችው። «አውቀዋለሁ። እወደዋለሁ። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እናንተ አይደላችሁም።»

የዝናቡ ድምፅ ያን ጊዜ ነው የተሰማው። ሲዘንብ ነው የቆየው፤ ሕዝቡ ዝም ሲል ግን አዳራሹን ሞላው። ወይዘሮ ሆሳዕና እጃቸው አፋቸው ላይ ነበር። ፓስተሩ መጥተው ማይኩን ከእጇ ቀስ ብለው ወሰዱት፤ ትከሻዋንም ያዝ አደረጉት። የሺእመቤት ከመድረኩ ወርዳ በመሃል መንገዱ ወደ ውጭ ወጣች። የልጇን ወንበር ስታልፍ ማየት አልቻለችም።

ከአዳራሹ ጥግ፣ አሸንዳው በሚወርድበት ቦታ ቆማ ደወለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳው። የመኪና ድምፅ፣ የሰው ድምፅ፣ ከነሱ ወዲህ ትንፋሹ።

«የት ደረስክ?»

«ሞጆን አልፈናል።»

«ተናገርኩ» አለችው።

«ሰው ባለበት?» አለ።

«ሰው ሁሉ ባለበት።»

ትንፋሹ ተቆረጠ፤ እያለቀሰ እንደሆነ አወቀች፤ እሱም እንዳወቀች አወቀ። ተመለስ ልትለው አፏን ከፈተች። እሱ ቀደማት።

«ራዕይስ?» አለ። «ራዕይ እንዴት ሆነች?»

በዚህ ሁሉ መሃል፣ ያጠፋችው ሰው፣ ስሙ የተቀበረው ሰው፣ አስቀድሞ የጠየቃት ስለ ልጇ ነው። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች።

«አላውቅም» አለች። ያው ቃል ነው፤ አሁን ግን እውነቱ ነበር።

«ወደ እሷ ሂጂ» አላት። «አሁን የምታስፈልጊው ለእሷ ነው። እኔማ ሰምቻለሁ።»

እመለሳለሁ አላለም። እሷም አልጠየቀችውም። ስልኩን ማን እንደዘጋው አታስታውስም።

ወደ በሩ ስትዞር ራዕይ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ዝናቡ ጫማዋ ጫፍ ድረስ ይደርሳል። የእዮኤል መኪና ከግቢው እየወጣ ነበር፤ ከኋላው ወንበር ላይ የወይዘሮ ሆሳዕና ነጭ ነጠላ ይታያል። ሁለቱም መኪናው አስፋልቱን ይዞ እስኪሰወር ድረስ አዩት።

«ተመልሶ ይደውልልሽ ይሆናል» አለች የሺእመቤት።

«ይሆናል።»

«ራዕይዬ፣ እኔ…»

«እማዬ፣ አሁን ምንም አትበይኝ።» ራዕይ ፊቷን አላዞረችም። ትንሽ ቆይታ ግን፣ ከአዳራሹ ውስጥ መዝሙር ሲጀመር፣ «ቢቂላ ነው ስሙ?» አለች።

«ቢቂላ ነው።»

«ስንት ጊዜ በር ከፈትኩለት» አለች ራዕይ። «አንድም ቀን ስሙን ጠይቄው አላውቅም።»

የሺእመቤት ከጎኗ ተቀመጠች። ማቀፍ ፈለገች፤ አልደፈረችም። ራዕይ ወደ እናቷ አልተጠጋችም፤ አልተነሳችም ደግሞ። ሁለቱም በየፊናቸው ያለቅሱ ነበር፤ አንዷ ሞጆን ስላለፈው፣ አንዷ አስፋልቱን ይዞ ስለሄደው። ዝናቡም ለሁለቱም አንድ ዓይነት ይዘንብ ነበር።